ቃልኪዳን፦ ወንድም ሴትም የሚጠሩበት ስም



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የሕፃን ስም ነው። ወደ ስሙ ከመግባቴ በፊት ግን የተሰበሰብንባትን ከተማ ስም ላንሳ። አምደወርቅ በዋግ ኽምራ የደሃና ወረዳ ዋና ከተማ መሆኗን እኛ እናውቃለን። አገሩን ለማያውቅ ሰው «አምደወርቅ» ብንለው ግን የሰው ስም ሊመስለው ይችላል፤ ያም ሆኖ «ማን ነው?» ይበል ወይስ «ማን ናት?» ይቸገራል። «ዓምደ» ብሎ የሚጀምር ስም የወንድ ነው፤ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዓምደ ጽዮን ምስክር ናቸው። በ«ወርቅ» የሚያልቀው ስም ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሴት ነው። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጆች ተናኘወርቅና ዘነበወርቅ ነበሩ፤ ከጥቅምት 2011 እስከ መስከረም 2017 ዓ.ም. ርእሰ ብሔር የነበሩትም ሣህለወርቅ ዘውዴ ናቸው። የከተማችን ስም አነሳሱ ወደ ወንድ፣ አጨራረሱ ወደ ሴት ያደላል። እንዲህ ያለው ስም በአማርኛ ብዙ አይደለም፤ ብርቅ የሆነበትን ምክንያት ማወቅ ደግሞ ስለ ራሳችን ብዙ ያስተምረናል።

አማርኛ ስም ሲያወጣ ጾታን አይረሳም። ትልቁ የስም ምንጫችን ግስ ነው፤ ግሱ ደግሞ ገና ከአፍ ሲወጣ ወንድ ወይም ሴት ብሎ ይለያል። አበበና አበበች፣ ታደሰና ታደሰች፣ ከበደና ከበደች እንላለን። አንዱ ግስ በሮም ጎዳና ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈውን አበበ ቢቂላን ሰጠን። ያው ግስ «ች»ን ጨምሮ፣ ወሎ በረሃብ በተመታችበት ጊዜ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ መጥተው ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ይዘው የተመለሱትን አበበች ጎበናን ሰጠን። ግስ በሌለበትም ቅጥያው ሥራውን ይሠራል፤ ወርቅነህና ወርቅነሽ፣ ብዙነህና ብዙነሽ ማለት ይበቃል። ቤተ ክርስቲያንም በ40 ቀን ወንዱን፣ በ80 ቀን ሴቷን አጥምቃ የክርስትና ስም ስትሰጥ ወልደ ሚካኤልና ወለተ ሚካኤል፣ ገብረ ማርያምና አመተ ማርያም እያለች ትለያለች።

ከዚህ አጥር የወጡ ስሞች ግን አሉ። ደስታ አንዱ ነው። ጣልያንን በደቡብ ግንባር ተዋግተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. የተገደሉት ራስ ደስታ ዳምጠው ወንድ ናቸው፤ በየመንደሩ ግን ደስታ የምትባል እናት አለች። ምሕረትን አብዛኛው ሰው የሴት ስም ያደርገዋል፤ የአእምሮ ሐኪሙና ደራሲው ዶክተር ምሕረት ደበበ ግን ወንድ ናቸው። በመድረክ የምናውቃቸው ተዋናይና አዘጋጅ ሃይማኖት ዓለሙም እንደዚሁ ወንድ ናቸው። በትግራይ ኪሮስ ወንድም ሴትም ይጠራበታል።

ስንታየሁን ለብቻው ላቆየው ወደድሁ። ይህ ስም ግስ ሆኖ ሳለ ጾታን አይለይም። ምሥጢሩ ተናጋሪው ልጁ አለመሆኑ ነው። «ስንት አየሁ» የምትለው እናት ናት። አማርኛ «አየ» እና «አየች» ብሎ ሦስተኛውን ሰው ይለያል፤ «አንተ» እና «አንቺ» ብሎ ሁለተኛውንም ይለያል። «እኔ» ላይ ሲደርስ ግን መለየቱን ይተዋል። ስለዚህ ወላጅ ስለ ራሱ የተናገረበት ስም ለወንድም ለሴትም ይሆናል። ልጁ የእናቱን ታሪክ ተሸክሞ ይኖራል፤ ስንታየሁ ሲባል የሚጠራው እሱ ወይም እሷ ቢሆንም ያየችው እናቱ ናት። ለዚህ ስም ትልቅ አክብሮት አለኝ። የሞተባትን፣ የተሰደደችበትን፣ የተራበችበትን ዘመን አንዲት ሴት በአንድ ቃል አሳጥራ ለልጇ ማስረከቧ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ስም እንምጣ፤ ቃልኪዳን።

ቃልኪዳን ከግእዝ የወረስነው ሁለት ቃል ነው። ኪዳን ውል፣ ስምምነት፣ የማይፈርስ መሐላ ማለት ነው፤ «ተካየደ» ከሚለው ግስ ይወጣል፣ ትርጉሙም ተዋዋለ ነው። ቃል ሲጨመርበት በአፍ የተነገረ፣ ምስክር የሰማው ውል ይሆናል። መጽሐፍ ቅዱሳችንን ብሉይ ኪዳንና ሐዲስ ኪዳን ብለን የከፈልነው በዚሁ ቃል ነው። ማለዳ በቤተ ክርስቲያን የሚደርሰው ጸሎትም ኪዳን ይባላል። የካቲት 16 በዓመት፣ በየወሩም በ16 ቀን የምናስባት ኪዳነ ምሕረት፣ እመቤታችን ከልጇ ስለ ምሕረት የተቀበለችው ቃል ኪዳን ናት። ቅዱሳንም በገድላቸው መጨረሻ ላይ ቃል ኪዳን ይቀበላሉ፤ ስማቸውን የጠራ፣ በስማቸው የተራበ ያበላ ሰው ምሕረት እንዲያገኝ። የላስታ ጎረቤቶች የሆንን እኛ የላሊበላንና የነአኩቶ ለአብን ገድል ሲነበብ የሰማን ሰዎች ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም። ከቤተ ክርስቲያን ውጭም ቃሉ አለ። ሙሽሮች ሲጋቡ ቃል ኪዳን ይገባሉ፤ ቀለበታቸውም የቃል ኪዳን ቀለበት ይባላል።

ታዲያ ይህ ቃል የሕፃን ስም የሆነው እንዴት ነው? እንደሚመስለኝ በሁለት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ የስም ማጠር ነው። የአያቶቻችንን ስም ብታስታውሱ ወልደ ኪዳን፣ ወለተ ኪዳን፣ ገብረ ኪዳን እያለ ይሄዳል። ጾታውን የሚናገረው የፊተኛው ቃል ነው፤ ወልደ ካለ ወንድ፣ ወለተ ካለ ሴት። «ኪዳን» የሚለው ራሱ ወንድም ሴትም አይደለም። ዘመኑ ሲለወጥ፣ ከተማ ሲሰፋ፣ ተማሪ ቤት ሲበዛ ወላጆች የፊተኛውን ቃል እየተዉ የኋለኛውን ብቻ ማውጣት ጀመሩ። ተክለ ሃይማኖትና ወለተ ሃይማኖት በሃይማኖት ተገናኙ፤ ወልደ ትንሣኤና ወለተ ትንሣኤም በትንሣኤ። ወልደ ኪዳንና ወለተ ኪዳንም እንዲሁ ወደ ቃልኪዳን መጡ። ስሙ የዘመን ይመስላል፤ ሥሩ ግን ጥንታዊ ነው። ቃልኪዳንን «የከተማ ስም» እያሉ የሚነቅፉ ሽማግሌዎች አጋጥመውኛል፤ ከራሳቸው አያት ስም የተቆረሰ መሆኑን ቢያስተውሉት ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው መንገድ ስለት ነው፤ ይኼኛው ከመጀመሪያው የበለጠ ይነካኛል። ልጅ የሞተባት እናት የሚወለድላትን ልጅ ምትኬ፣ ካሳ፣ ማስረሻ ማለቷ የቆየ ልማዳችን ነው። ይህ ስም ከወሊድ በኋላ የሚመጣ፣ ያለፈውን የሚያይ ነው። ስለት ግን ከወሊዱ ይቀድማል። ልጅ አልሰነብት ያላት ወይም ከነጭራሹ ያላረገዘች ሴት በኪዳነ ምሕረት ቀን ቤተ ክርስቲያን ትቆምና «ይህን ብትሰጪኝ ይህን አደርጋለሁ» ትላለች። ጃንጥላ ይሁን መጋረጃ፣ ጧፍ ይሁን ዕጣን፣ ቃሏን ትሰጣለች። በዚያች ሰዓት የሚወለደው ወንድ ይሁን ሴት አታውቅም፤ አትጠይቅምም። ልጅ ይሁንላት ብቻ። ልጁ ሲመጣ ስሙ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ጾታ ሳይታወቅ የወጣ ስም ጾታን ባይለይ ምን ይደንቃል?

ስለዚህ እንደ ስንታየሁ ሁሉ ቃልኪዳንም ስለ ወላጁ የሚናገር ስም ነው። ስንታየሁ ወላጅ ያየውን ይናገራል፤ ቃልኪዳን ወላጅ የገባውን። ልዩነቱ ቃልኪዳን ዕዳ ያለበት መሆኑ ነው። ልጁን ወይም ልጅቷን በጠራን ቁጥር የገባነውን ቃል እየጠራን ነው።

ተወዳጅነቱን በተመለከተ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ የተወለዱ ሕፃናትን ስም በየዓመቱ በደረጃ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት አላት። እኛ ዘንድ መለኪያው የመምህሩ ስም ጥሪ ነው። እዚህ ያላችሁ መምህራን ታውቁታላችሁ፤ «ቃልኪዳን» ሲባል ከአንድ በላይ ድምፅ «አቤት!» ይላል፣ አንዳንዴ አንዱ የወንድ አንዱ የሴት ይሆናል፣ የአባት ስም ካልተጨመረበትም አይለይም። በብዛት የሴቶቹ ቁጥር ያመዝናል፤ ወንዶቹም ግን ጥቂት አይደሉም።

ስሙ ከአገር ወጥቶም በዓለም መድረክ ተጠርቷል። ነሐሴ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ላይ በኢትዮጵያ የተወለዱ ሦስት ሴቶች ለሦስት አገር ሮጠው ሦስቱን ሜዳሊያ ወሰዱ። ሲፋን ሐሰን ለኔዘርላንድስ ወርቁን፣ ቃልኪዳን ገዛኸኝ ለባሕሬን ብሩን፣ ለተሰንበት ግደይ ለኢትዮጵያ ነሐሱን። ቃልኪዳን ከዚያ ቀደም በ2002 ዓ.ም. በዶሃ የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና በ1500 ሜትር ለኢትዮጵያ አሸንፋ ነበር። የቃልኪዳንንና የለተሰንበትን ስም ጎን ለጎን አስቀምጡት። ለተሰንበት ማለት የሰንበት ልጅ ነው፤ «ለተ» ከ«ወለተ» የመጣ ነውና ሴት መሆኗን ሳናያት እናውቃለን። ቃልኪዳን ግን ስለ ጾታዋ ምንም አትነግረንም። የቆየው የስም አወጣጥና አዲሱ በአንድ ሽልማት መድረክ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ነበር።

በሌላው ዓለምም ይህ ጉዳይ ሲያነጋግር ኖሯል። በሕንድ የሲክ እምነት ተከታዮች ዘንድ ወንድና ሴት አንድ ስም መጋራታቸው የተለመደ ነው፤ ጉርፕሪት ወንድም ሴትም ይባልበታል። ወንዱ ሲንግ፣ ሴቷ ካኡር የሚለውን ሲጨምሩ ይለያሉ። በጀርመን ደግሞ የልጅ ስም ጾታን እንዲያሳውቅ ይጠበቅ ነበር። ኪራን የተባለው የሕንድ ስም ለወንድም ለሴትም የሚሆን ነውና ለአንዲት ሕፃን ብቻውን አይበቃም ተባለ፤ ወላጆቿ ተከራክረው እ.ኤ.አ. በ2008 የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። እንደ እኛው በአባት ስም የሚጠሩት የአይስላንድ ሰዎችም እስከ እ.ኤ.አ. 2019 ድረስ የወንድና የሴት ስም በሕግ ተለይቶባቸው ነበር። እኛ እንዲህ ያለ ክልከላ አልነበረብንም። በአገራችን ስም የሚወጣው በቤት ውስጥ ነው፤ አያት፣ አባት፣ እናት፣ አንዳንዴም ጎረቤት የየራሱን ስም ያወጣል፣ ጊዜ አንዱን ያጸናል።

አማርኛ ግን ስሙ የሸሸገውን ወዲያው ይገልጣል። «ቃልኪዳን መጣ» ወይም «ቃልኪዳን መጣች» ካልን ነገሩ አለቀ። ጾታው ተሸሽጎ የሚቆየው ግስ በሌለበት በስም ዝርዝርና በፈተና ውጤት ሰሌዳ ላይ ነው። አንድ ሌላ ቦታም አለ፤ አክብሮት። «ቃልኪዳን መጡ» ስንል፣ «እሳቸው» ስንል፣ «አንቱ» ስንል አማርኛ ወንድና ሴት አይልም። በቋንቋችን ሰው ሲከበር ጾታው ይቀራል። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን ሳይጽፉት የተዉልን ሕግ ነው።

ደስ የማይለኝንም ልናገር። ስሙ ለሁለቱም ይሰጣል፤ ዕድሜው ግን እኩል አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ጽፎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም፣ በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ። ስለዚህ ቃልኪዳን የተባለ ወንድ ሲወልድ ስሙ የልጆቹ ሁለተኛ ስም፣ የልጅ ልጆቹ ሦስተኛ ስም ሆኖ ይወርዳል። ቃልኪዳን የተባለች ሴት ስትወልድ ስሟ ከእሷ አያልፍም። ሁለት ሕፃናት በአንድ ቀን፣ በአንድ ስም፣ በአንድ ስለት ቢወለዱ ከ60 ዓመት በኋላ በመዝገብ ላይ የሚገኘው የወንዱ ስም ነው። በአባት ስም መጠራት ይቅር እያልኩ አይደለም፤ የዘር ሐረጋችንን የቆጠርንበት ነው። ነገር ግን በየቤቱ የዘር ሐረግ የምትጽፉ ወጣቶች የእናቶችንም ስም በዚያው ገጽ ላይ ጻፉ፤ ወረቀት አያጥርም።

ወደ አገራችን ልመለስ፣ ምክንያቱም ይህ ስም ለዋግ ኽምራ ሰው የተለየ ትርጉም አለው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት አንድ ትልቅ ቃል ገባ፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ለማስቀረት። ስሙንም የሰቆጣ ቃል ኪዳን አለው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሃብ ስሟ የሚነሳው የዞናችን ከተማ ሰቆጣ የዚህ ተስፋ መጠሪያ ሆነች፤ ሥራውም በተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ተጀመረ። ችግሩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት 38 በመቶው፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። የቀነጨረ ልጅ ከእኩዮቹ የሚያንሰው በቁመት ብቻ አይደለም፤ ከፅንስ ጀምሮ ባሉት የመጀመሪያ 1000 ቀናት ያጣውን ምግብ በኋላ በትምህርቱም በጤናውም ይከፍለዋል።

እንግዲህ ቃልኪዳን የሚባል ልጅ በዋግ ሲወለድ ሁለት ቃል ኪዳን በላዩ ላይ አለ፤ የእናቱ ስለትና ሰቆጣ ስሟን ያዋሰችው የአገር ቃል። ሁለቱም ስለ ጾታ አይሉም። እኛ ግን እንላለን። ወንዱ ቃልኪዳን ተማሪ ቤት ሲውል ሴቷ ቃልኪዳን ውኃ ልትቀዳ የምትሄድበት ቤት አለ። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ አይፈቅድም፤ ሕጉን የምታውቁ ሰዎች ግን ሰርግ ተጠርታችሁ የሙሽራዋን ዕድሜ ላለመጠየቅ ዝም ያላችሁበት ቀን እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ። እናት ቤተ ክርስቲያን ቆማ «ወንድ ቢሆን አስተምረዋለሁ፣ ሴት ብትሆን በልጅነቷ እድራታለሁ» ብላ የተሳለች የለችም። ቃሉ አንድ ነበር። አንድ ቃል ለሁለት ከፍሎ መፈጸም ቃሉን ማፍረስ ነው፤ እኔ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ከመውረዴ በፊት የምለምናችሁ ጥቂት ነገሮች አሉ።

መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ስማቸውን ማን እንዳወጣና ለምን እንዳወጣ ከቤት ጠይቀው እንዲመጡ እዘዟቸው። መልሱን በደብተር ይጻፉት። አያቶች በኽምጣኛ ያወጡት የቤት ስም ካለ እሱም ከነትርጉሙ ይጻፍ፤ ኽምጣኛ የሚናገሩ አያቶች በሕይወት ሳሉ ካልጠየቅናቸው በኋላ የሚነግረን አይገኝም።

የክብር መዝገብ ሠራተኞች፣ ቃልኪዳን ወይም ስንታየሁ ወይም ደስታ የሚል ስም ሲመጣላችሁ ጾታውን ከስሙ አትገምቱ፤ ጠይቁ። በግምት «ሴ» ተብሎ የተጻፈ ወንድ ልጅ ለፈተና ሲመዘገብ፣ መታወቂያ ሲያወጣ፣ ፓስፖርት ሲጠይቅ ይጉላላል። ስሙንም አንዴ አያይዛችሁ፣ ሌላ ጊዜ ለይታችሁ አትጻፉ፤ «ቃልኪዳን» እና «ቃል ኪዳን» በመዝገብ ዓይን ሁለት ሰው ናቸው።

ወላጆች፣ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 እያንዳንዱ ሕፃን ስም የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። በአዋጅ 760/2004 መሠረት ልደት የሚመዘገበው በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ስለሆነ ከዚያ በኋላ የሚቀራችሁ 10 ቀን ብቻ ነው፤ ድግሱ ሳያዘናጋችሁ ቀድማችሁ ወደ ቀበሌ ሂዱ። በዚያ ወረቀት ላይ የተጻፈው የልደት ቀን ነገ ያለ ዕድሜዋ ሊድሯት የሚመጡ ሰዎችን የሚመልስ ማስረጃ ነው። ቃልኪዳን ብላችሁ የጠራችኋትን ልጅ በዚህ ወር አስመዝግቧት።